60 ሺህ ዶላር ላይ የተሰመረችው መስመር

ኮሎምበስ ኦሃዮ ውስጥ ለሃይስኩል የደረሰ ልጅ ያላቸው ሐበሾች ሲገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ ኤድቾይስ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ስቴቱ ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ የሚሰጠው ቫውቸር ማለት ነው። ግማሹ «ነጻ ነው» ይላል። ግማሹ «ፉድ ስታምፕ ለሚወስድ ብቻ ነው» ይላል። አንዷ እህታችን ደግሞ «ኋላ መልሱ ይሏችኋል» ብላ አንድ ገበታ ሙሉ ሰው አስደንግጣለች። ሦስቱም ልክ አይደሉም። ልጄ በዚሁ ቫውቸር ካቶሊክ ሃይስኩል ገብታ አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች፤ ጥያቄውም በየቀኑ በስልክ ስለሚመጣብኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

እኔ ኤስቲኤንኤ ነኝ፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ባለቤቴ ዌርሃውስ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሁድ ኡበር ይነዳል። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ ካቶሊክ ትምህርት ቤት፣ ትንሹ የኮሎምበስ ፐብሊክ ስኩል ይማራሉ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

«ኦርቶዶክስ ሆነሽ ለምን ካቶሊክ?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የካቶሊኮቹን ትምህርት ቤቶች፣ ናዝሬት ስኩልን፣ ቅዱስ ዮሴፍን፣ ልደተ ማርያም ካቴድራልን ያውቃል። ኦርቶዶክሱም እስላሙም ልጁን እዚያ ለማስገባት ይሰለፍ ነበር፤ ሃይማኖቱን ይቀይራል ብሎ የሚፈራ ብዙ አላየሁም። የእኔ አባት አቅሙ አልፈቀደለትም። እዚህ ደግሞ የራሳችን የተዋሕዶ ሃይስኩል ደጃችን የለ። ልጅቷ በትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ድምጿ የሚጠፋ ዓይነት ናት፤ እኔም ስሟን የሚያውቁበት ቦታ ፈለግሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኤድቾይስ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የሚያየው ልጁ በሰፈሩ የተመደበበትን ፐብሊክ ስኩል ነው፤ ያ ትምህርት ቤት ውጤቱ ዝቅ ካለና ዝርዝሩ ውስጥ ከገባ ልጁ ይወስዳል። ሁለተኛው ኤክስፓንሽን የሚሉት ነው፣ የሚያየውም የቤተሰብን ገቢ። በ2013 ከኬጂ ተጀምሮ ክፍል በክፍል እያደገ የመጣ ነው። እኛ የገባነው በዚህኛው ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2023 ክረምት፣ ገዥው ማይክ ዲዋይን የፈረሙበት በጀት የገቢ ጣሪያውን ሲያነሳው ነው። ከዚያ በፊት ጣሪያው የፌደራሉ የድህነት መለኪያ ሁለት ተኩል እጥፍ ነበር። አሁን እስከ አራት ተኩል እጥፍ የሚያገኝ ቤተሰብ ሙሉውን ይወስዳል፣ ከዚያ በላይ ያለው ገቢው ባደገ ቁጥር እየተቀነሰ ይሰጠዋል፣ ሀብታም የተባለው እንኳ ቢያንስ ከመቶ አሥሩን አያጣም።

በቁጥር ልንገራችሁ። በ2023 ለአራት ሰው ቤተሰብ የድህነት መለኪያው 30,000 ዶላር ነበር። አራት ተኩል እጥፉ 135,000 ነው። በ2023–24 የትምህርት ዘመን የሃይስኩል ሙሉ ቫውቸር 8,407 ዶላር ሆነ፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላሉት 6,165። ገንዘቡ ለትምህርት ቤቱ ነው የሚሄደው፣ ብድርም አይደለም፤ «ኋላ መልሱ» የሚባል ነገር የለውም።

ብዙ ሰው ጆሮውን የሚያቆመው 135 ሺህ የሚለው ላይ ነው። ለእንደኛ ዓይነቱ ቤት ግን የምታስፈራው መስመር ሌላ ናት፤ 60 ሺህ ላይ የተሰመረችው። ገቢው ከድህነት መለኪያው እጥፍ ያልበለጠ ቤተሰብ ቫውቸሩን ከያዘ፣ ትምህርት ቤቱ ከቫውቸሩ በላይ የትምህርት ክፍያ እንዳይጠይቀው ሕጉ ይከለክላል። ከእጥፉ በላይ ከሆነ ግን ልዩነቱን ማስከፈል ይችላል። የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ ያን ዓመት 13,200 ዶላር ነበር። 8,407 ሲቀነስ 4,793 ዶላር ይቀራል። እኛ ሁለታችን ተደምረን 57 ሺህ ገደማ ስለነበርን ያቺ 4,793 አልነካችንም። 61 ሺህ ብንሆን ኖሮ ግን ትንሿን ብልጫ አግኝተን ትልቁን ቢል እንታቀፍ ነበር። መስመሯ በየዓመቱ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ በ2024 62,400፣ በ2025 ደግሞ 64,300 ደርሳለች። ግን የእኔም ደሞዝ አብሮ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ሁሌም ጫፏ ላይ ነን።

ነርሲንግ ሆም የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ በዓል ሲቃረብ ሰው ይጠፋል፣ ሱፐርቫይዘሯ «ዳብል ትሠሪያለሽ?» እያለች ቴክስት ትልካለች። ሰዓቱ አንድ ተኩል ይታሰባል። ድሮ ቢሆን እሺ ለማለት አይኔን አላሽም ነበር። ያን ታኅሣሥ ግን ማታ ማታ ከባለቤቴ ጋር የደሞዝ ቼካችንን ጎን ለጎን አድርገን ዓመቱ ሲዘጋ የት ላይ እንደምንቆም መደመር ጀመርን። እሱ የገና ሰሞን፣ ኡበር በሚያጧጡፍበት ጊዜ፣ አፑን አጥፍቶ ቤት ዋለ። ልጆቹ ደስ አላቸው። እኔ ግን ሠርቶ የሚያድር ሰው እንዳይሠራ የሚያደርግ ሕግ ሲገጥመኝ መጀመሪያዬ አይደለም፤ የጤና ኢንሹራንሱም የልጆች እንክብካቤውም ድጎማ እንዲሁ ነው። ባለ 135 ሺሁ ሰው ኦቨርታይም ሲጠየቅ ካልኩሌተር አያወጣም። እግረ መንገዴን፣ መስመሯን ያለፈ ሰው ወዲያው ተስፋ አይቁረጥ፤ ብዙ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ፋይናንሻል ኤይድ ስላላቸው ቢሮ ገብቶ መጠየቅ አያሳፍርም። እኛ ሐበሾች የምንጎዳው ባለመጠየቅ ነው።

ማመልከቻውን የሚጀምረው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ እዚያ ተቀባይነት ማግኘት አለበት። ከዚያ ገቢያችሁን ለስቴቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ኦንላይን ታረጋግጣላችሁ፤ የታክስ ወረቀት፣ ደብሊው ቱ (አሠሪ የሚሰጠው የዓመት ደሞዝ ወረቀት)፣ የኡበር ገቢ ካለ የሱ ወረቀት፣ የሚኖሩበትን የሚያሳይ ቢል። በየዓመቱ ይታደሳል። ይህ ሁሉ አንድ ማታ የሚያልቅ ሥራ ነበር፣ ስማችን ባይኖር። የእኔ ላስት ኔም የአባቴ ስም ነው። የባለቤቴ የአባቱ ስም ነው። የልጆቹ ደግሞ የባለቤቴ ስም ነው። አራት ሰው፣ ሦስት ላስት ኔም። የመብራቱ ቢል በሱ ስም ነው፣ ማመልከቻውን የሞላሁት እኔ ነኝ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ ጨዋ ሴትዮ ናት፣ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና «ታዲያ ይቺ ልጅ የማን ናት?» የምትል በሚመስል ዓይን አየችኝ። ወረቀት አውጥቼ የቤተሰብ ዛፍ ሳልኩላት፤ አያት፣ አባት፣ ልጅ፣ በቀስት። ሳቀች፣ ኮፒ አድርጋ ፋይሉ ውስጥ ከተተችው። ጋብቻ ሰርተፊኬታችሁንና የልጁን ልደት ሰርተፊኬት ከመጀመሪያው ይዛችሁ ሂዱ፣ ከስዕል ይሻላል።

ቫውቸር መውሰድ ግሪን ካርድ ላይ ችግር ያመጣል ወይ ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። እሱን ከቡና ላይ ወሬ አትውሰዱ፣ ጠበቃ ጠይቁ።

ቫውቸሩ የሚሸፍነው የትምህርቱን ክፍያ ነው። ላፕቶፕ፣ ዩኒፎርም፣ ምሳ፣ ስፖርት፣ የፈተና ክፍያ ከኪስ ይወጣል። ዩኒፎርሙን ክረምት ላይ ወላጆች ያገለገለ ሲሸጡ ነው የምገዛው፤ ሁለት ቀሚስ በአንድ አዲስ ቀሚስ ዋጋ። ሌላው ክፍያ ደግሞ ጉልበት ነው። ወላጆች እንዲያገለግሉ ይጠበቃል፤ ኮሎምበስ ውስጥ ካቶሊክ የሆነ ቦታ ሁሉ ጾም ሲገባ አርብ አርብ ዓሣ ጠብሶ ይሸጣል፣ ፊሽ ፍራይ ይሉታል። እኔ የተመደብኩት መጥበሻው ላይ ነው። እስቲ አስቡት፤ የኛም ሁዳዴ ገብቷል፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ ፀጉሬ በመረብ ታስሮ የዘይት ጭስ ፊቴ ላይ ይነፍሳል፣ ጎኔ ያለው ጡረተኛ «ሃኒ፣ አንዱን ቅመሺው እንጂ፣ ዓሣ እኮ ጾም ነው!» ይለኛል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃም እንደማልጠጣ ስነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ። ለካ እነሱ ጾም የሚሉት ሥጋ አለመብላትን ነው። በሚቀጥለው አርብ ስመጣ ለእኔ ብሎ ድንችና ጎመን ያለ ቅቤ አስቀምጦ፣ ሰዓቱን እያየ ሲጠብቀኝ አገኘሁት።

በሃይማኖቱ በኩል ያሰብኩትን ያህል አልከበደንም። ሪሊጅን ክፍል አራቱንም ዓመት ግዴታ ነው። ቅዳሴያቸው ላይ ትገኛለች፣ አትቆርብም፤ ሌሎቹ ለቁርባን ሲወጡ እሷ እጇን ደረቷ ላይ አመሳቅላ ትባረካለች ወይም ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች። ንስሐ አባታችንን አስቀድመን አማክረናል። «ትማር፣ ግን የራሷን ሳታውቅ የሰው እንዳታውቅ» ነው ያሉት፣ ስለዚህ እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት መቅረት የለም። ጃንዋሪ 7 ገናችን ስለሆነ ትቀራለች፤ ፈቃድ ስጠይቅ አንድም ቀን ፊት አልነሱኝም። ልጄ ግን አሁን የቤት ሥራ ሆናብኛለች። ካቶሊኮቹ ተቀብለውት የኛ ቤተ ክርስቲያን ስላልተቀበለችው የኬልቄዶን ጉባኤ ክፍል ውስጥ ተምራ መጥታ እራት ላይ «ማሚ፣ እኛ ለምንድነው ያልተቀበልነው?» ስትለኝ አባቷ ሹካውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወደ እሱ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር። ጃንዋሪ 2022 የኦሃዮ ፐብሊክ ትምህርት ቤቶች ተሰባስበው ኤድቾይስ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ስቴቱን ከሰሱ። ከመጀመሪያዎቹ ከሳሾች አንዱ የኮሎምበስ ከተማ ትምህርት ቤቶች ነው፤ የትንሹ ልጄ ትምህርት ቤት ማለት ነው። የወንድሟ ትምህርት ቤት የእህቱን ቫውቸር ከሷል። ባለቤቴ «ቤታችን ውስጥ ከሳሽም ተከሳሽም አንድ ድስት ይበላሉ» እያለ ይቀልዳል። ጁን 2025 የፍራንክሊን ካውንቲ ዳኛ ፕሮግራሙ የኦሃዮን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብላ ፈረደች፣ ግን ይግባኙ እስኪታይ እንዲቀጥል ፈቀደች። ይህ ክርክር ከ2002ቱ ይለያል። ያኔ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የክሊቭላንድን ቫውቸር 5 ለ 4 ያጸደቀው፣ ገንዘቡን ወደ ሃይማኖት ትምህርት ቤት የሚወስደው ወላጁ በምርጫው ነው ብሎ ነው። አሁን ሙግቱ በስቴቱ የራሱ ሕገ መንግሥትና ፐብሊክ ስኩል ሊያገኝ በሚገባው ገንዘብ ላይ ነው።

የኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ቫውቸሩን ወስጃለሁ፣ ነገም እወስዳለሁ። ግን የከሳሾቹ አቤቱታ ከንቱ ነው አልልም። ጣሪያው ከተነሳ በኋላ በገቢ የሚሰጠውን ቫውቸር የሚወስዱ ተማሪዎች በአንድ ዓመት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኑ፤ የግል ትምህርት ቤቶች ተማሪ ግን በዚያ ልክ አልጨመረም። አብዛኛው አዲስ ገንዘብ የሄደው ቀድሞም ከኪሱ ይከፍል ለነበረ ሰው ነው ማለት ነው። በኦሃዮ ያሉት ቫውቸሮች ሁሉ ተደምረው በዓመት ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ተጠግተዋል። ለእንደኔ ዓይነቱ የተባለ ነገር ለሁሉም ሲሆን መስመሯ 60 ሺህ ላይ ያለችው እኔ ላይ ብቻ ትቀራለች። ኖቬምበር 2023 የኮሎምበስ ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ የንብረት ግብር ለድምፅ ሲያቀርቡ፣ ልጄን በቫውቸር እያስተማርኩ «ይጨመር» ብዬ ድምፄን ሰጥቻለሁ። አንዳንድ ወዳጆቼ «በሁለት ቢላ ትበያለሽ» አሉኝ። ሁለት ልጅ ነው ያለኝ፣ ምን ላድርግ?

ትንሹ በሚቀጥለው ዓመት ስምንተኛን ይጨርሳል። እሱ ዩኒፎርም አልለብስም ብሏል፤ የሚፈልገው ፎርት ሄይስን ነው፣ የከተማውን ፐብሊክ ሃይስኩል፣ ሥዕልና ሙዚቃ ስላለው። እዚያ የሚገባው በዕጣ ነው። ዕጣው ከወጣለት ገቢ ማረጋገጥ የለ፣ ቤተሰብ ዛፍ መሳል የለ። ካልወጣለት ሁለት ቫውቸር ይዘን ጫፏ ላይ እንቆማለን፤ ያኔ መስመሯን ብናልፍ ልዩነቱ በሁለት ይባዛል። ባለቤቴ ከወዲሁ የኡበሩን ገቢ በየወሩ ደብተር ላይ መጻፍ ጀምሯል።