ከኔ ይልቅ ሻንጣዬ የተወደደበት በረራ

ትኬቱን የቆረጥኩት ከለሊቱ ሰባት ሰዓት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነው። በዛ ሰዓት ስልክ ላይ የሚገዛ ነገር ደህና እንደማይሆን ከልምድ አውቃለሁ ግን ዋጋውን ሳየው እንቅልፌ ብን ብሎ ጠፋ። ከቤቴ እስከ ኤርፖርት ለታክሲ ከምከፍለው ያንሳል እኮ! ለመሬቱ የሚከፈለው ለሰማዩ ከሚከፈለው በለጠ ማለት ነው፣ ይሄ እንዴት ይታለፋል።

ከዛ ክሊክ ማድረግ ጀመርኩ። ሻንጣ ትጨምራለህ? አልጨምርም። ወንበር ትመርጣለህ? የትም ልቀመጥ። ቀድመህ መግባት፣ ኢንሹራንስ፣ የመኪና ኪራይ፣ በቴክስት መልእክት ማስታወሻ ምናምን፣ ሁሉንም አልፈልግም እያልኩ አለፍኩ፣ "አልፈልግም" የሚለው ደግሞ ሁልጊዜ ጥግ ላይ በትንሽ ግራጫ ፊደል ነው የሚጻፈው፣ "እፈልጋለሁ" የሚለው እንደ በር ያህላል። መጨረሻ ላይ አንድም ሳንቲም ሳልጨምር ስወጣ ኩራቴ ለጉድ ነበር።

በማግስቱ ለታላቅ እህቴ ደወልኩላት። ትኬት ቢሮ ብዙ ዓመት ሰርታለች።

"ሁለቱ በረራ አንድ ትኬት ላይ ነው?" አለችኝ።

"አይ፣ ለየብቻ ነው የቆረጥኩት። እንደዛ ሲሆን ይረክሳል።"

"መሀሉ ላይ ስንት ሰዓት አለህ?"

"ሁለት ሰዓት ከአስር ደቂቃ።"

ዝም አለች። "በል እንግዲህ፣ አምላክ ይርዳህ" ብላ ወሬ ቀየረች። እህቴ ስትቆጣ ደህና ነው፣ ዝም ስትል ነው መፍራት።

ዝምታዋ የገባኝ በኋላ ነው። አንድ ትኬት ላይ ሁለት በረራ ካለህ የመጀመሪያው ቢዘገይ ቀጣዩን የማስያዝ ጣጣው የአየር መንገዱ ነው፣ ሻንጣህም ብዙ ጊዜ ቀጥታ መጨረሻ ድረስ ይሄድልሃል። ለየብቻ ከቆረጥክ ግን ሁለተኛው ኩባንያ ስለ መጀመሪያው ምንም አያገባውም፣ ለነሱ ዝም ብለህ የቀረህ ሰው ነህ። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ይሄው ነው፣ የመዘግየቱን አደጋ ከኩባንያው ላይ ገዝተህ ራስህ ተሸከምከው ማለት ነው። እኔ ግን ቅናሽ ያገኘሁ ነበር የመሰለኝ።

የጉዞው ቀን ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር ጌት፣ ማለትም መሳፈሪያው በር፣ እስክደርስ። ጌቱ ላይ ያቺ የብረት ሳጥን አለች፣ ሻንጣ የሚለኩባት። ቤት ሆኜ በሜትር ለክቼው ነበር፣ ልክ ነበር፣ ግን የለካሁት ጨርቁን ነው፣ ጎማዎቹን ረስቻለሁ። ከፊቴ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ሻንጣቸውን ከፍተው ሹራብ በሹራብ ላይ ይደርባሉ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ክንዳቸው መታጠፍ አቃተው፣ አንዱ ልጅ እጅጌውን ሳበላቸው። እሳቸው አለፉ። እኔ ሻንጣዬን ሳስገባው እስከ ግማሽ ገባና ቆመ። ገለበጥኩት፣ በጎን ሞከርኩ፣ በጉልበቴ ተጫንኩት፣ ሁለቱ ጎማዎች ከብረቱ ጠርዝ በላይ ሁለት ጣት ያህል ወጥተው ቀሩ፣ ልክ ምላስ እንደሚያወጣ ልጅ። ጎማውን የምነቅልበት ነገር ቢኖረኝ እነቅለው ነበር። ጌቱ ላይ የምትሰራው ልጅ አልተናደደችም አልሳቀችምም፣ የካርድ ማሽኑን ብቻ ዘረጋችልኝ። የከፈልኩት ለራሴ ከከፈልኩት ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ቢያንስ ወንበር ለሻንጣው ይገባው ነበር።

በነገራችን ላይ ሌብነት ነው ብዬ አልጮህም። የእነዚህ ርካሽ አየር መንገዶች ሂሳብ ከድሮም ይታወቃል፣ አውሮፕላን መሬት ላይ ቆሞ ገንዘብ አያመጣም። ሳውዝዌስት የሚባለው የአሜሪካው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1972 ገንዘብ አጥሮት ካሉት አራት አውሮፕላኖች አንዱን ሲሸጥ በቀሩት ሦስቱ የአራቱን ስራ ለመስራት አውሮፕላኑ አርፎ ተሳፋሪ አውርዶ ሌላ ጭኖ በ10 ደቂቃ እንዲነሳ አደረገ፣ ከዛ በኋላ የመጡት ርካሾች ሁሉ ይቺን ነው የተማሩት። አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ፣ ብዙ ወንበር፣ አርፎ ቶሎ መነሳት፣ የቀረው ሁሉ በተጨማሪ ክፍያ። ትኬቱ ማጥመጃ ነው፣ ትርፉ ያለው ሻንጣና ወንበሩ ላይ ነው። ይሄን አውቄ ነው የገባሁት፣ ማንም አላታለለኝም። የኔ ችግር ሌላ ነበር።

ወረፋው ከኋላ ይገፋል፣ ልጅቷ ሻንጣው ላይ ወረቀት ጠቅልላ ቁራጩን ለኔ ሰጠችኝና ሻንጣውን ወደ ጎን አስቀመጠችው፣ እኔ ቦርዲንግ ፓሴን ይዤ ሮጥኩ። የደረሰኝ ወንበር 27ኛ ረድፍ መሀል ላይ ነው። በመስኮቱ በኩል ክንፉ ይታያል፣ ክንፉ ላይ ደግሞ ብርማ ፕላስተር ተለጥፏል! በደንብ ሳየው አንዱ ጠርዙ ትንሽ ተነስቷል። ወይ ጉድ፣ ርካሽ ትኬት እንዲህ ነው ለካ፣ አውሮፕላኑን በፕላስተር አሰሩት አልኩ በሆዴ። ቆይቼ ሳነብ ግን ለዚሁ ስራ የተሰራ የአሉሚኒየም ቴፕ ነው፣ ጭነት የማይሸከም ቦታ ላይ ለጊዜው እንዲለጠፍ በህግ የሚፈቀድ፣ ውድ አየር መንገድ ላይም ያለ ነገር። ስፈራ የነበረው የማያስፈራውን ነው።

የሚያስፈራው ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ስልኬ 9 ፐርሰንት ሲል ፓወር ባንኬን ላወጣ ኪሴን ዳበስኩ። የለም። ከዛ ትዝ አለኝ፣ ሻንጣው ፊት ኪስ ውስጥ ነው፣ ሻንጣው ደግሞ አሁን እግሬ ስር አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ገብቷል።

ፓወር ባንክ ከስር በሚጫን ሻንጣ ውስጥ መግባት ክልክል ነው፣ ዓለም አቀፍ ህግ ነው፣ በየኤርፖርቱ ተለጥፏል። ሊቲየም ባትሪ አንዴ ራሱን ማሞቅ ከጀመረ ከላይ ሰው ካለ ጭሱን ያያል፣ ውሃ ያፈስበታል፣ ከስር ግን ማንም የለም። ጌት ላይ ሻንጣ ሲወሰድ ባትሪ አለህ ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት፣ እኔን የጠየቀኝ የለም፣ ወይ ደግሞ ጠይቃኝ በሂሳቡ ተናድጄ ሳልሰማት ቀርቼ ይሆናል፣ እሱንም አልምልም።

እውነቱን ልናገር፣ ዝም ለማለት አስቤ ነበር። ስንቱ ሰው ሳያውቅ አስገብቶ በሰላም ደርሷል አልኩ። ግን እንዲህ ዓይነት ነገር ማንበብ እወዳለሁና ቫሉጄት ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1996 ከማያሚ ወደ አትላንታ የተነሳ የርካሽ ኩባንያ አውሮፕላን ነው፣ 110 ሰው ሞቷል። ሞተር አልተበላሸም፣ ክንፍ አልተሰበረም። ጥገናውን የሚሰራለት ሌላ ድርጅት ያረጁ የኦክስጅን ማመንጫዎችን የመከላከያ ክዳን ሳያደርግ ባዶ ናቸው የሚል ወረቀት ለጥፎ ላካቸው፣ ባዶ አልነበሩም፣ እቃ መጫኛው ውስጥ እሳት ተነሳ። ከስር የገባውን ነገር ከላይ ያለው ሰው አላወቀም። ይሄን እያሰብኩ ዝም ማለት እንዴት ይቻላል፣ አልቻልኩም፣ ደወሉን ተጫንኩት።

ሆስተሷ መጣች። ነገርኳት። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ እንዳለ ሆኖ አይኗ ብቻ ተለወጠ። "የትኛው ሻንጣ?" አለች። "ጥቁር" አልኳት፣ ከዛ አውሮፕላን ላይ ከተጫነው ግማሹ ጥቁር እንደሆነ ትዝ አለኝና አፈርኩ። የሻንጣውን ወረቀት ቁራጭ ሰጠኋት፣ ወደ ፊት ሄደች፣ ትንሽ ቆይቶ ካፒቴኑ ለአንድ ተሳፋሪ እቃ ሲባል ትንሽ እንደምንዘገይ ተናገረ። "አንድ ተሳፋሪ" ሲል ረድፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ምንም አልተናገረም፣ ክርኑን ብቻ የጋራችን የነበረው መደገፊያ ላይ አሳረፈና እስክንደርስ አላነሳውም።

ከ35 ደቂቃ በኋላ ሆስተሷ ፓወር ባንኩን በሁለት እጇ እንደ እንቁላል ይዛ አመጣችልኝ። "ስለነገርከን እናመሰግናለን" አለች። ከምሯ ነበር። መነሻ ተራችን ስላለፈ ሌላ 20 ደቂቃ ጠበቅን።

ያኔ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ነገር አሁንም ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሰው ርካሽ በረራ ሲፈራ ጥገና ቀንሰው ይሆን፣ ፓይለቱ ልጅ ይሆን ነው የሚለው። ጥሩ ቁጥጥር ባለበት አገር ይሄ ህግ ለውድም ለርካሽም አንድ ነው፣ ለምሳሌ አውሮፓ ውስጥ ፓይለት በዓመት ከ900 ሰዓት በላይ መብረር አይችልም፣ የሚሰራለት ማንም ይሁን ማን። ትልልቆቹ ርካሾች አውሮፕላናቸውም ብዙ ጊዜ አዲስ ነው፣ አዲሱ ነዳጅ ስለሚቆጥብ። ቁጥጥሩ ደካማ የሆነበት አገር ግን ሌላ ወሬ ነው፣ የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ወደ ሰማዩ እንዳይገቡ የከለከላቸውን አየር መንገዶች ዝርዝር በይፋ ያወጣል፣ የማላውቀው ስም ሲመጣብኝ መጀመሪያ እሱን ነው የማየው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዛ ውጪ እኔን ያስፈራኝ የሻንጣው ክፍያ የሚያመጣው ግርግር ነው። የሚጫን ሻንጣ ሲያስከፍል ሁሉም ሰው ንብረቱን በሙሉ ይዞ ላይ ይወጣል፣ ላይ ሲሞላ የተረፈው በመጨረሻው ደቂቃ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይጠየቅ ወደ ስር ይወርዳል። ላይ የቀረውም አያስተማምን፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ተቃጥሎ መርማሪዎቹ የእሳቱ መነሻ ሳይሆን አይቀርም ያሉት ከላይ እቃ ማስቀመጫ የነበረ ፓወር ባንክ ነው፣ ደግነቱ ሁሉም ሰው ወጥቷል። አውሮፕላን ፈቃድ ሲያገኝ ግማሹ በር ብቻ እየሰራ በ90 ሴኮንድ ሰው ሁሉ መውጣት እንዲችል ተብሎ ነው፣ ያ ሂሳብ ሻንጣውን ከላይ የሚያወርድ ሰው የለበትም። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ኤርፖርት ላይ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ሲቃጠል 379 ሰው በሙሉ የወጣው ሻንጣውን ትቶ ስለተነሳ ነው ብለው ብዙዎች አወሩ። እኔ ለሻንጣዬ ሁለት እጥፍ ተኩል ከፍዬ፣ ላፕቶፔም ልብሴም ሁሉ እዛ ውስጥ ሆኖ፣ ትቼው እወጣ ነበር? እወጣለሁ ማለት ቀላል ነው።

ደረስን፣ 55 ደቂቃ ዘግይተን። ለየብቻ የተቆረጠ ትኬት ትራንዚት የሚባል ነገር የለውም፣ ሻንጣዬን ጠብቄ ተቀብዬ፣ ፓስፖርት ተሰልፌ ወጥቼ፣ እንደገና ፍተሻ ተሰልፌ ገባሁ። ጌቱ ጋ ስደርስ ተዘግቷል። አውሮፕላኑ በመስታወት ይታየኛል፣ በሩ ደግሞ ገና ክፍት ነው! ሰውዬው "ጌቱ ተዘግቷል" አለኝ፣ "እያየሁት እኮ ነው" አልኩት፣ "እኔም እያየሁት ነው" አለኝ።

ካሳ እጠይቃለሁ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። የአውሮፓ ህግ አለ፣ ቁጥሩ 261/2004፣ በኩባንያው ጥፋት መድረሻህ ላይ ሦስት ሰዓትና ከዛ በላይ ከዘገየህ እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ይከፈልሃል። አሪፍ ህግ ነው፣ ግን የኔ መዘግየት 55 ደቂቃ ነው፣ የዘገየንበት ምክንያት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ፣ ያመለጠኝ በረራ ደግሞ ሌላ ቦታ የተቆረጠ ነው። በየት በኩል ልግባ።

ሌላ ትኬት ገዛሁ፣ ለነገ ጠዋት፣ የዋናውን አምስት እጥፍ። ማታውን አግዳሚ ወንበር ላይ አደርኩ፣ አግዳሚው በየመሀሉ የብረት ክንድ አለው፣ ሰው እንዳይተኛበት ታስቦ የተሰራ ነው፣ የሰራው ሰው ስራውን ያውቃል። ጠዋት ስደርስ ደግሞ የከተማው ስም የተለጠፈበት ኤርፖርት ከከተማው ጋ አይተዋወቅም። ይሄ የኔ ብቻ ዕድል አይደለም፣ ፍራንክፈርት ሃን የሚባለው ከፍራንክፈርት ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ፓሪስ ቦቬ ከፓሪስ ወደ 85። አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ዋጋውም ከመጀመሪያው የበረራ ትኬቴ ይበልጣል።

እህቴ ደወለች። "ደረስክ?"

"ደረስኩ።"

"ትናንት አልነበር እንዴ የምትደርሰው?"

"አዎ፣ ትናንት ነበር።"

አልጨመረችም። እኔም አልጨመርኩም።

ለመመለሻው ታዲያ ልብ ገዝቼ ከሳምንት በፊት የሻንጣውን ከፈልኩ፣ ወንበርም መረጥኩ፣ በረራውንም ቀጥታ አደረግኩት፣ ፓወር ባንኩን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ጨምሬ ዚፑን ዘጋሁት። ጌት ላይ ደረሰኙን ስልኬ ላይ ከፍቼ ተዘጋጅቼ ቆምኩ። የብረት ሳጥኗ ጥግ ላይ በላስቲክ ተጠቅልላ ቆማለች። ማንም ሻንጣ አልለካም፣ ከፊቴ ያለው ልጅ የኔን ሁለት የሚያህል ይዞ እያፏጨ ገባ።