ከተነሣ በኋላ የተፈተሸው መንኮራኩር

የሬዲዮ መገናኛ መሣሪያዎችን መፈተሽ እንጀራዬ ስለሆነ፣ የጠፈር ጉዞ ታሪክ ሳነብ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው ከጠፈርተኞቹ ይልቅ ምድር ላይ ቀርተው መሣሪያ በሚፈትሹት ሰዎች ላይ ነው። አዲስ የሚቀጠሩ ባልደረቦቼ በፍተሻ ብዛት ሲማረሩ ደጋግሜ የማነሣላቸውም የስዊድናዊውን መሐንዲስ የቦሪስ ስሜድስን የሥራ ገጠመኝ ነው። ስሜድስ ጀርመን ዳርምሽታት በሚገኘው የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይሠራ ነበር።

ሁይገንስ የተባለው ሰው አልባ መንኮራኩር 320 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ የተሠራው ከሳተርን ጨረቃዎች በትልቅነቷ አንደኛ በሆነችው በቲታን ላይ በጃንጥላ እንዲወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1997 ካሲኒ የተባለው የናሳ መንኮራኩር አዝሎት ከምድር ተነሣ። የሁይገንስ የሬዲዮ ጉልበት መረጃውን በቀጥታ ወደ ምድር ለመላክ የሚበቃ ስላልነበረ፣ በሚወርድበት ጊዜ የሚያየውንና የሚለካውን ሁሉ በአቅራቢያው ለሚያልፈው ለካሲኒ ይልካል፤ ካሲኒም መዝግቦ በትልቁ አንቴናው ወደ እኛ ያስተላልፋል። እንግዲህ የሰባት ዓመቱ ጉዞ ውጤት በሙሉ የተንጠለጠለው ሁለቱ መንኮራኩሮች ለጥቂት ሰዓታት በሚያደርጉት የሬዲዮ ግንኙነት ላይ ነበር።

ይህ ግንኙነት ግን በጉዞው ላይ የሚገጥመውን ሁኔታ በሚያስመስል ሙሉ ፍተሻ ሳያልፍ ነው የተነሣው። ከመነሣቱ በፊት እንዲህ ያለ ፍተሻ እንዲደረግ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም የተገጣጠመውን መንኮራኩር በከፊል መፍታትንና እንደገና ማረጋገጥን ስለሚጠይቅ ቀረ። በጉዞ ላይ በየስድስት ወሩ የሚደረገው ምርመራም ደኅና ነው የሚል ውጤት ብቻ ያመጣ ነበር። ሁለቱ መንኮራኩሮች በዚያን ጊዜ እርስ በርስ ተያይዘው ስለሚጓዙ በመካከላቸው የፍጥነት ልዩነት አልነበረም፤ ምርመራው ደኅና ነው ቢል ውሸት አልነበረበትም፣ የተጠየቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር።

በሥራው ቀን ካሲኒ ወደ ቲታን የሚቀርበው በሰከንድ 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው። ወደ እኛ የሚመጣ አምቡላንስ ጩኸቱ እንደሚቀጥን ሁሉ፣ በዚህ ፍጥነት የሚቀራረቡ መሣሪያዎች የሚለዋወጡት የሬዲዮ ሞገድም ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ይህም የዶፕለር ለውጥ ይባላል። ስሜድስ ያቀረበው ሐሳብ፣ ከምድር ወደ ካሲኒ የሚላክ ምልክት ሁይገንስን አስመስሎ ይህንኑ ለውጥ እንዲይዝ፣ የሞገዱ ድግግሞሽ ብቻ ሳይሆን በላዩ የተጫነው መረጃም አብሮ እንዲለወጥ፣ የምልክቱ ጉልበትም ከፍና ዝቅ እንዲል የሚያደርግ ነበር። ዕቅዱ የተወሳሰበ ነው ተብሎ መጀመሪያ ተቀባይነት አላገኘም። መረጃ የሌለበትን ባዶ ሞገድ ልኮ ካሲኒ መቀበሉን ማየት ይበቃል የሚል አስተያየት ነበር። በእውነትም ያ ቀላሉ ፍተሻ ቢደረግ ኖሮ ያለ አንዳች ችግር ያልፍ ነበር፤ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ስሜድስና የደገፉት ባልደረቦቹ ግን ሐሳባቸውን አልተዉም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ስሜድስ ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የጎልድስቶን አንቴና ጣቢያ ሄዶ ፍተሻውን አደረገ። ባዶው ሞገድ በሚገባ ደረሰ። መረጃው ግን ከካሲኒ ተመልሶ ሲመጣ የተበጣጠሰና ሊነበብ የማይችል ሆኖ ተገኘ። የዶፕለሩን ለውጥ ሲያስቀሩት መረጃው ይስተካከላል፤ ሲመልሱት ይበላሻል።

ምክንያቱ ለሙያው ሰው የሚያስቆጭ ነው። በካሲኒ ላይ ያለው የሬዲዮ መቀበያ ሠሪዎች ዶፕለር የሞገዱን ድግግሞሽ እንደሚለውጥ አልዘነጉም፤ መቀበያው ያንን ተከታትሎ ይይዛል። ያመለጣቸው ነገር ዶፕለር መረጃው የሚደርስበትን ፍጥነትም በዚያው መጠን እንደሚለውጥ ነበር። ሁይገንስ በሰከንድ 8192 ቢት (የመረጃ ትንሿ አሃድ) ይልካል፤ ካሲኒ ዘንድ ግን ቢቶቹ ከዚያ በጥቂቱ ፈጥነው ይደርሳሉ። ልዩነቱ ከመቶ ሺህ ሁለት ያህል ብቻ ቢሆንም፣ መቀበያው እያንዳንዱ ቢት የሚጀምርበትን ቅጽበት እንዲያጣ በቂ ነበር። በቅንብሩ ላይ አንድ ቁጥር መለወጥ ችግሩን በፈታው ነበር፤ ይሁን እንጂ ቁጥሩ በመሣሪያው ውስጥ ተቆልፎ ስለተቀመጠ ከምድር በሚላክ ትእዛዝ አይነካም።

ታሪኩን ሳወራ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ ሰው ተሳፍሮ ቢሆን ኖሮ ይጠግነው አልነበረም? የጠፈር ወዳጆች ሰውና ሮቦትን ማወዳደር ስለሚወዱ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። ለሰው ጉዞ የሚሟገቱት ሃብልን ይጠቅሳሉ፤ እውነት አላቸው። የሃብል ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲመጥቅ የመስተዋቱ ጠርዝ ከሚገባው በላይ በ2.2 ማይክሮን ዝርግ ሆኖ ተገኘ፤ በዲሴምበር 1993 ሰባት ጠፈርተኞች ሄደው ከመንኮራኩራቸው አምስት ጊዜ ወደ ጠፈር ወጥተው አስተካከሉት። ነገር ግን ሃብል በዚያን ጊዜ ከምድር 600 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይዞር የነበረ፣ ሲሠራም በጠፈርተኞች እጅ እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ ነው። ሳተርን ከአንድ ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከዚያ የሚላክ ቃል እኛ ዘንድ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ለእኔ የሚሻለው ጥያቄ የትኛው ይበልጣል የሚለው ሳይሆን፣ ሰው ሊደርስበት የማይችል መሣሪያ ከመነሣቱ በፊት ስንት ጊዜ መፈተሽ አለበት የሚለው ነው። የጥገና ዕድል የሌለው ሥራ ፍተሻውን ከጥገናው ዋጋ ጋር እያነጻጸረ መቁረጥ አይችልም።

መሣሪያውን መለወጥ ስላልተቻለ መንገዱ ተለወጠ፤ ይህን ውሳኔ ከጠፈር ምሕንድስና ብልሃቶች ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። በመጀመሪያው ዕቅድ ካሲኒ ቲታንን በ1200 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሊያልፍ ነበር። የአውሮፓና የአሜሪካ ባለሙያዎች በጋራ ያጠኑት አዲስ ዕቅድ ግን ርቀቱን ወደ 60,000 ኪሎ ሜትር አሳደገው። ካሲኒ እንዲህ ርቆ ሲያልፍ አብዛኛው ጉዞው ወደ ሁይገንስ መቅረብ ሳይሆን በጎኑ ማለፍ ስለሚሆን የዶፕለሩ ለውጥ በእጅጉ ይቀንሳል። ለዚህ ሲባል በሳተርን ዙሪያ የሚደረጉት የመጀመሪያ ዙሮች እንደገና ተቀመሩ፤ ለመጠባበቂያ ከተያዘው ነዳጅ ተቀነሰ፤ የሁይገንስ መውረጃም ከኖቬምበር 2004 ወደ ጃንዋሪ 14 ቀን 2005 ተሸጋገረ። በተጨማሪም መንኮራኩሩ ወደ ቲታን አየር ከመግባቱ አራት ሰዓት ያህል አስቀድሞ መሣሪያዎቹ እንዲበሩና እንዲሞቁ ተደረገ፤ ሙቀቱ ቢቶቹ የሚላኩበትን ፍጥነት በጥቂቱ ስለሚለውጥ መቀበያው ከሚችለው ወሰን ውስጥ ለማስገባት ረድቷል።

በዚያ ቀን ሁይገንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ወርዶ ቲታንን ረገጠ። ከዚያም ካሲኒ ከአድማሱ በታች እስኪጠልቅ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲልክ ቆየ። ወንዝ የቀደዳቸው የሚመስሉ ሸለቆዎችና የተድበለበሉ የበረዶ ጠጠሮች ታዩ። ያን ያህል የተለፋበት የቢት ችግርም አልተመለሰም።

ሌላ ስሕተት ግን ተፈጠረ። መረጃው በሁለት መስመር ነበር የሚላከው፤ ከመስመሮቹ አንዱን በካሲኒ ላይ ለመቀበል የሚያስፈልግ አንድ መሣሪያ እንዲበራ የሚያዝዘው ቃል ከትእዛዞቹ ዝርዝር ውስጥ ስለቀረ፣ ከ700 ያህል ፎቶግራፎች ግማሹ ጠፋ። የነፋሱን ፍጥነት የሚለካው ሙከራም የተመሠረተው በዚሁ መስመር ላይ ነበር። ይሁንና አሜሪካ ውስጥ ያለው የግሪን ባንክና አውስትራሊያ ውስጥ ያለው የፓርክስ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች የሁይገንስን ደካማ ምልክት በቀጥታ ያዳምጡ ስለነበር፣ የቲታን ነፋስ ፍጥነት እነርሱ በመዘገቡት የዶፕለር ለውጥ ተሰላ።