ሙዚቃው ከመቀዳቱ በፊት ፍሬም ቁጠሩ

በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ስልት ነፍሳት የሚጨፍሩበት አጭር ጥቁርና ነጭ አኒሜሽን ስንሠራ ሥዕሉ ብዙ አላስቸገረም። ጉንዳኑና ጢንዚዛው ድፍን ጥቁር፣ ፊታቸው ነጭ፣ ባክግራውንዱ ከመካከለኛ ግራጫ የማይጠቁር። ዐይን ጨፈን አድርገው ሲያዩት እግሮቹ ካልለዩ ባክግራውንዱን ማንጣት ነው፤ በቃ።

ያንገበገበኝ ሙዚቃው ነው። «መጀመሪያ ሙዚቃውን ደስ ባላችሁ ፍጥነት ቅዱ፣ ሶፍትዌሩ ከምስሉ ጋር ያገጥመዋል» የሚል ምክር አለ። አትስሙት! የእኛ በደቂቃ 128 ምት ተቀዳ። ፊልም በሰከንድ 24፣ በደቂቃ 1440 ፍሬም (ተራ በተራ የሚታይ ነጠላ ምስል) ነው፤ ለ128 ሲካፈል አንዱ ምት 11.25 ፍሬም ይደርሰዋል። ሩብ ፍሬም ደግሞ አይሣልም። እርምጃውን በ11 ፍሬም ከሣላችሁት ምስሉ በየምቱ ሩብ ፍሬም እየቀደመ ይሄዳል፤ በ32ኛው ምት 8 ፍሬም፣ የሰከንድ ሲሶ ማለት ነው። ከበሮው ሳይመታ ጉንዳኑ ረግጦ ጨርሷል። ሶፍትዌሩ «አገጠመው» የሚባለው ድምፁን ለጥጦ ወይም አጥብቦ ነው፤ የማሲንቆው ድምፅ ይሻክራል፣ የከበሮው ጥርት ያለ ምት ይደበዝዛል። ሙዚቃው እንደ አዲስ ተቀዳ፣ የስቱዲዮ ኪራይ ሁለቴ ተከፈለ።

የሚያናድደው ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። በ1928 (እ.ኤ.አ.) ዲዝኒ ዘንድ አኒሜተሩ ዊልፍሬድ ጃክሰን ሜትሮኖም (የሙዚቃ ምት መቁጠሪያ) ይዞ ምቱን በፍሬም አስልቶ ነበር።

ለቺክቺካ 12 ወይም 18 ፍሬም ምረጡ፦ በደቂቃ 120 ወይም 80 ምት። ቺክቺካ ምቱን ለሦስት ይከፍላል፤ 12 ሲከፈል 4፣ 18 ሲከፈል 6 ይሰጣል። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለምናቆየው ሁሉም በሙሉ ሥዕል ያልቃል። 16 እና 8 ፍሬም ለሦስት አይካፈሉም፤ 15 ቢካፈልም 5 ጎዶሎ ስለሆነ ለሁለት አይከፈልም።

የነፍሳት ስድስት እግር ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። የግራ ፊተኛና ኋለኛ ከቀኝ መካከለኛው ጋር አብረው ያርፋሉ፣ በቀጣዩ ምት የቀሩት ሦስቱ። በ12 ፍሬም ምት ሙሉው ዙር 24 ፍሬም፣ 12 ሥዕል ይሆናል። እግሩ መሬት የሚነካበትን ሥዕል ከድምፁ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም አስቀድሙት፤ እኩል ከሆነ የዘገየ ይመስላል።

አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ፊልሙን በ25 ፍሬም ጠየቀ፤ መመሪያው «ቀይሩት» ከማለት በቀር እንዴት እንደሚቀየር አይነግርም። ሶፍትዌሩ በየሰከንዱ አንድ ፍሬም ሲደግም፣ ዙሩም ልክ አንድ ሰከንድ ስለሆነ፣ ድግግሞሹ ሁልጊዜ እዚያው ሥዕል ላይ ያርፋል። ጢንዚዛው በአንድ በኩል ሲያነክስ ታየ። ዝም ብሎ ማፍጠን ደግሞ 120ውን 125 ያደርግና ቅኝቱን ከግማሽ ድምፅ በላይ ባይሆንም ለጆሮ በሚሰማ መጠን ያቀጥነዋል፤ ድምፁን ወደ ቦታው የሚመልስ ማስተካከያ አብሮ መሠራት አለበት። ለቴሌቪዥን እንደሆነ ከወዲሁ ካወቃችሁ በ25 ጀምሩ፣ ተጫዋቾቹንም በ125 አስመቱ፤ 12ቱ ፍሬም 12 እንደሆነ ይቆያል።