19 ቻናል በአምስት ወር

የእጅ መነጋገሪያ ሬድዮዬ 128 ቻናል፣ ማለትም የፍሪኩዌንሲ ማስቀመጫ ቦታ፣ ይይዛል። እስካሁን የሞላሁት 19ኙን ብቻ ነው። ለእነሱም አምስት ወር ፈጅቶብኛል። መሳቅ ይቻላል፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን ዛሬ ነገ እያሉ የሚያመነቱ ጀማሪዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የተደናቀፍኩበትን ድንጋይ ባሳያችሁ አንድ ሁለት ወር ታተርፉ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ከመግዛቴ በፊት ዓይኔ ዋት ላይ ነበር። አምስት ዋት፣ ስምንት ዋት፣ አሥር ዋት። ቁጥሩ ሲተልቅ ሩቅ የሚደርስ መሰለኝ። ኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ሰሚው ጋ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው። በሲግናል መለኪያ አንድ ደረጃ 6 ዴሲቤል ስለሆነ፣ ከአምስት ወደ አሥር ዋት መውጣት ግማሽ ደረጃ ብቻ ያስገኛል። ሰሚው ለውጡን ላያስተውለው ይችላል። ባትሪው ግን በደንብ ያስተውለዋል።

ርቀትን የሚወስነው ከፍታ ነው። እነዚህ ሬድዮዎች የሚሠሩባቸው ቪኤችኤፍና ዩኤችኤፍ የሚባሉ ሞገዶች በአብዛኛው ቀጥ ብለው ነው የሚጓዙት። የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ4.12 አባዙት፤ አድማሱን በኪሎሜትር ታገኛላችሁ። ሜዳ ላይ ቆሞ ሬድዮ የያዘ ሰው፣ አንቴናው 1.5 ሜትር ላይ ነው ብንል፣ 5 ኪሎሜትር ያህል ያያል። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች፣ መሐላቸው ሕንፃም ኮረብታም ከሌለ፣ 10 ኪሎሜትር ላይ ሊደማመጡ ይችላሉ። 100 ሜትር ላይ የተሰቀለ አንቴና ግን ብቻውን 41 ኪሎሜትር ያያል። ካርቶን ላይ የሚጻፈውን ርቀት አሁን የማነበው ፈገግ እያልኩ ነው።

መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ ሌላ ነበር፤ የማወራው ከማን ጋር ነው? ሁለት ጓደኛሞች በእግር ጉዞ ላይ ለመጠራራት ብቻ ከሆነ፣ ፕሮግራም የሚባል ቻናል የመሙላት ጣጣ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። አውሮፓ ውስጥ ፒኤምአር446 የሚባል ያለ ፈቃድ የሚሠራ አገልግሎት አለ። ግማሽ ዋት፣ 16 ቻናል፣ የማይነቀል አንቴና። አሜሪካም ኤፍአርኤስ የሚባል አላት። ከካርቶኑ አውጥቶ ማውራት ነው። እኔ የፈለግኩት ግን አማተር ሬድዮን፣ ሰዎች ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅሩ የሚነጋገሩበትን፣ ነበር። እዚያ ለመናገር ፈተና ወስዶ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። ማዳመጥን በተመለከተ ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል፤ የራሳችሁን እዩ።

የገዛሁት ባኦፌንግ ዩቪ-5አር ነው። ምርጥ ስለሆነ አይደለም። ከ2012 ጀምሮ ሰው እጅ ላይ ስላለ፣ የሚገጥማችሁ ችግር ሁሉ ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው ገጥሞት ተጠይቆ ተመልሷል። ለጀማሪ ይህ ከየትኛውም ባሕርይ ይበልጣል። ጓደኛዬ ኳንሼንግ ዩቪ-ኬ5 ያዘ። በታይፕ ሲ ቻርጅ ይደረጋል፣ አብራሪዎች የሚነጋገሩበትን ኤኤምም ይሰማል፣ ሰዎች በነጻ የጻፉለት ፈርምዌርም፣ ማለትም ሬድዮውን የሚያሠራ የውስጥ ሶፍትዌር፣ ሞልቷል። ምቀኝነት ባይሆንብኝ፣ ጓደኛዬ ከሚያወራበት ሰዓት ይልቅ ፈርምዌር የሚቀይርበት ይበልጣል።

ስለ ርካሽ ሬድዮ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ145 ሜጋኸርዝ ስትናገሩ በ290 እና በ435 ላይም ጥላው ሊወጣ ይችላል። ይህን የሚያፍነው ውስጥ ያለው ማጣሪያ ነው፤ የማጣሪያው ጥራት ደግሞ በአንድ ሞዴል ውስጥ እንኳ ከሬድዮ ሬድዮ ሊለያይ ይችላል። ታይኒኤስኤ የምትባለዋን ትንሽ መለኪያ የያዘ ሰው ካገኛችሁ አስለኩት። መሐል ላይ ሲግናሉን የሚያዳክም አቴኑዌተር ሳይገባ ግን እንዳትሞክሩት፤ መለኪያዋን ታቃጥሏታላችሁ።

የመጀመሪያውን ወር የበላው ኬብል ነው።

ሬድዮውን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ባለ ሁለት ጥርስ ኬብል ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለ። የእኔው ቺፕ የታወቀ ቺፕ ኮፒ ሆኖ ተገኘ። አዲሱ ድራይቨር ኮፒውን ስለሚያውቀው «ኮድ 10» ብሎ ይቆማል። አዲሱን አጥፍቼ አሮጌውን ድራይቨር ስጭን ኬብሉ ታየ። ደስ ብሎኝ ቺርፕን ከፈትኩ። ቺርፕ ዳን ስሚዝ የጀመረው ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ የብዙ ፋብሪካዎችን ሬድዮ በአንድ ሰንጠረዥ ያስተካክላል። «ከሬድዮው አንብብ» አልኩት። ሬድዮው አልመለሰም። ደገምኩ። ወይ ፍንክች! ድራይቨር ቀየርኩ፣ ዩኤስቢ ቀዳዳ ቀየርኩ፣ ኮምፒውተር ቀየርኩ። በሁለተኛው ቀን ማታ መብራት ወደ ጎኑ አስጠግቼ ሳየው፣ የሶኬቱ ፕላስቲክ የሬድዮው አካል ላይ ገጭቶ ቆሟል። ጥርሶቹ እስከ መጨረሻው አልገቡም። በምላጭ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ፕላስቲክ ላጥኩና ገፋሁት። ጠቅ! አናቱ ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ለዚህ ነው ሁለት ቀን ያለቀሰው ልቤ።

መጀመሪያ ያነበባችሁትን ፋይል ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት፤ አትንኩት። ሁልጊዜ ኮፒው ላይ ሥሩ። የጓደኛችሁን ፋይል እንዳለ ሬድዮአችሁ ላይ ለመጫንም አትሞክሩ። ሁለቱም ዩቪ-5አር ቢሆኑ እንኳ ፈርምዌራቸው ይለያያል። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍቶ መስመሮቹን መገልበጥ ይሻላል።

ፈቃድ እስካገኝ አዳማጭ ነበርኩ። ሬድዮው ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ባለው ሁሉ ላይ ያወራል። እዚያ ውስጥ ደግሞ የማይነኩ አሉ። እጄ ቁልፉ ላይ ቢያርፍስ? ቺርፕ ውስጥ «ዱፕሌክስ» የሚለውን አምድ «ኦፍ» ካደረጋችሁት፣ ያ ቻናል ቁልፉ ቢጫንም አይናገርም። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቻናሎቼ በሙሉ እንዲህ ነበሩ። ለማንኛውም ጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። አራት ዓመት የሆነው ልጅ ቤት ውስጥ ላለበት ደግሞ እጥፍ ድርብ።

ፈተናውን አለፍኩ። በእኛ ቀጣና፣ ማለትም አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ፣ ሁለት ሜትር የሚባለው ባንድ ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ነው። በዚያ ላይ አንድ ሪፒተር፣ ማለትም የሰማውን ተቀብሎ በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ፣ ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል። በ145.600 ያወራል፣ በ145.000 ይሰማል። ልዩነቱ 600 ኪሎኸርዝ ወደ ታች ነው። ቶኑ 88.5። ሁሉንም ሰንጠረዡ ላይ አየሁት፤ ልክ ነው። ቁልፉን ተጭኜ ከፈቃዱ ጋር የተሰጠኝን መለያ ጠራሁ። ለቀቅኩ። ዝም።

ሪፒተሩ የእኔን ድምፅ ቢሰማ ኖሮ ቁልፉን ስለቅ አረንጓዴዋ መብራት አንድ ሁለት ሴኮንድ በርታ ትቆይ ነበር። ጭራሽ አልበራችም። አንቴናውን ጠረጠርኩ። ጣራ ላይ ወጣሁ። ባትሪ ቀየርኩ። እንዲህ ሆኜ አንድ ሳምንት አለፈ። ሌሎቹ እየተሳሳቁ ያወራሉ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ አንኳኳለሁ።

አንድ የቆየ ሰው «ቶን ትልካለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«88.5 ነው፤ ሞልቼዋለሁ» አልኩት፣ በኩራት።

«እስቲ ኮምፒውተሩን ተወውና በእጅህ ሙላው።»

ቶን የምንለው ከድምፃችን ሥር የሚሄድ ቀጭን ጉርምርምታ ነው፤ ከ67.0 እስከ 254.1 ኸርዝ ባለው መሐል ይሆናል። ሪፒተሩ ያንን ካልሰማ አይከፍትም። ሚስጥር አይደለም፣ ማንም ሊልከው ይችላል። ከሩቅ የሚመጣ ጫጫታ ሪፒተሩን ዝም ብሎ እንዳይቀሰቅሰው ነው።

በእጅ መሙላት አሰልቺ ነው፤ ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ቢሠራው ግን እወዳለሁ። ባዶ ቻናል ያስፈልጋል፤ ከሌለ ሜኑ 28 ያጠፋል። ከዚያ ከቻናል ወደ ፍሪኩዌንሲ መመለስ፣ ላይኛው መስመር ላይ መሆን፣ 145.600 መጻፍ። ሜኑ 25 አቅጣጫውን ይወስዳል፣ መቀነስ። ሜኑ 26 ልዩነቱን፣ 000.600። ሜኑ 13 የሚላከውን ቶን። እዚህ ስደርስ ስክሪኑ «ኦፍ» ይላል። ወደ 88.5 አደረስኩት። በሜኑ 27 አስቀመጥኩ። አላለቀም። ይህ ሬድዮ የሚያስቀምጠው ልዩነቱን ሳይሆን ሁለት ፍሪኩዌንሲ ነው። ስለዚህ ኮከብ ያለባትን ቁልፍ ተጭኖ መገልበጥና በዚያው ቻናል ላይ በሜኑ 27 እንደገና ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛዋን ማስቀመጥ የረሳ ሰው በሚሰማበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ሲጮህ ይውላል።

አሁን ሁለት ቻናል አለኝ። አንዱን ኮምፒውተሩ ሞላው፣ አንዱን እኔ። እያፈራረቅኩ ስክሪኑን አየሁ። በእጄ የሞላሁት ላይ፣ ከላይ ጥግ፣ «ሲቲ» የምትል ቅንጣት ምልክት አለች። በኮምፒውተር የተሞላው ላይ የለችም።

ወደ ቺርፕ ተመለስኩ። ቶን የሚለው አምድ 88.5 ይላል። አጠገቡ ያለው፣ የቶን ዓይነት የሚመረጥበት አምድ ግን ባዶ ነው። 88.5 እኔ የጻፍኩት አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ሶፍትዌሩ ራሱ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ሪፒተሩ ያንኑ ቁጥር ስለሚፈልግ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ሌላ ቶን የሚፈልግ ቢሆን ኖሮ አምዱን ስነካው እነቃ ነበር። ግጥምጥሞሹ ነው ጉድ የሠራኝ። ባዶውን ወደ «ቶን» ቀየርኩ፣ ጫንኩ፣ ቁልፉን ተጭኜ ለቀቅኩ። አረንጓዴዋ በራች። ያቺን አንድ ሴኮንድ ለማንም ማስረዳት አልችልም።

እግረ መንገዴን፦ የሚላከውን ቶን ስትሞሉ የሚሰማውንም አብራችሁ አትሙሉ። ሪፒተሩ ቶን መልሶ የማይልክ ከሆነ ሬድዮአችሁ ዱዳ ይሆንባችኋል። ሁለት ፍሪኩዌንሲ በአንዴ የሚጠብቀውንም፣ ሜኑ 7ን፣ አጥፉት። ለአንዱ መለስኩ ስትሉ ሌላው ላይ ታወራላችሁ። በየቁልፉ የምትናገረዋን ሴትዮ ዝም የሚያሰኘው ሜኑ 14 ነው። የቻናል ስም ሰባት ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፤ ያውም በላቲን፣ ያውም በኮምፒውተር ብቻ።

አንቴና ላይ ያወጣሁት ገንዘብ አላስቆጨኝም፤ ከሁሉ የጠቀመኝ ግን በነጻ የተገኘ ሽቦ ነው። የእጅ ሬድዮ አንቴና ግማሽ አካሉ የጎደለ ነው፤ የእኛ እጅና ገላ ነው የሚተካለት። 49 ሴንቲሜትር ያህል ሽቦ ከአንቴናው ሥር ካለው ብረት ጋር አያይዛችሁ ብታንጠለጥሉ፣ ለ145 ሜጋኸርዝ የጎደለው ግማሽ ሞላ ማለት ነው። መሐለኛውን ጥርስ እንዳይነካ ብቻ። መልኩ የአይጥ ጭራ ነው፣ ሰው ያያችኋል፣ ይሠራል። ሬድዮውንም ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ድምፁ ከተቆራረጠ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ። የሞገዱ ርዝመት ሁለት ሜትር ስለሆነ፣ ከግድግዳ የሚመለሰው ከቀጥታው ጋር የሚጣላበት ቦታ ጠባብ ናት። ትልቅ አንቴና ጣራ ላይ መስቀልም ሞክሬ ነበር። ባሰበት። አካባቢው ያለው ኃይለኛ ሲግናል ሁሉ አብሮ ገብቶ ተቀባዩን አፈነው። አወረድኩት።

የመጨረሻዎቹ አምስት ቻናሎች፣ ከ15 እስከ 19፣ ለአንድ ነገር ናቸው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ አማተር ሪፒተር አለ። በ145.990 በ67.0 ቶን ይሰማል፣ በ437.800 ይመልሳል። ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ጣቢያው ሲቀርብ ፍሪኩዌንሲው ወደ ላይ፣ ሲርቅ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ እስከ 10 ኪሎኸርዝ ያህል። ስለዚህ አምስት ቻናል ሠራሁ፤ 437.810፣ 437.805፣ 437.800፣ 437.795፣ 437.790። የመናገሪያው በሁሉም 145.990 ነው፤ ቺርፕ ውስጥ «ስፕሊት» ይባላል።

ባለፈው ቅዳሜ ውጪ ወጣሁ። አንቴናውን ወደ ጣቢያው አልጠቆምኩም፤ ጫፉ የሚሰማው ትንሽ ነው። በጎኑ አሳየሁት። ቻናል 15 ላይ ሹሹታ ብቻ። 16 ላይ ከሹሹታው ውስጥ ሰው ያለ መሰለኝ። 17 ላይ ሲደርስ አንድ ሰው መለያውን ሲጠራ ቁልጭ ብሎ ሰማሁ፣ ሌላ መለሰለት፣ ሦስተኛው ደረበበት። ቻናሉን እየቀየርኩ የመናገሪያው ቁልፍ ላይ ጣቴን አሳርፌ ቆምኩ። አልተጫንኩትም። ተራ የሚጠብቅ ብዙ ነው፣ ጣቢያው ከአድማስ አድማስ የሚቆየው ከአሥር ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። 18። 19 ላይ ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ሹሹታው ዋጠው።

የሚቀጥለው ዙር ከ90 ደቂቃ ያህል በኋላ ነበር። ገብቼ ባትሪውን ቻርጀሩ ላይ አስቀመጥኩት።