15 በመቶ፣ ግን የምን?

ከመቶኛ የቤት ሥራዎች ሁሉ ተማሪ ደጋግሞ የሚሳሳተው ይህን በመሰለው ጥያቄ ነው፦ «አንድ ጫማ 15 በመቶ ቫትን ጨምሮ በ2,760 ብር ተሸጠ። ቫቱ ሳይጨመር ዋጋው ስንት ነበር?»

ብዙ ልጅ ወዲያው የ2,760ን 15 በመቶ ይፈልግና 414 ያገኛል። ይቀንሳል፤ 2,346 ብር ብሎ ከሥሩ ያሰምርበታል። ማባዛቱም መቀነሱም ልክ ነው፤ መልሱ ግን ስህተት ነው። ቫት የሚሰላው ከመጨመሩ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። ልጁ ግን ጠቅላላውን ይዞ ስለተነሳ ለቫቱም ጭምር ቫት አስልቶለታል።

ቀመር ከመስጠት ደብተሩ ላይ ሦስት መስመር ማስጻፍ ይሻላል፦

ዋጋ 100
ቫት 15
ጠቅላላ 115

ቀጥሎ «2,760 የትኛው መስመር ላይ ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁትና ጠብቁ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ጥያቄውን ደግሞ አንብቦ «ጨምሮ» የምትለውን ቃል ራሱ ካገኛትና ቁጥሩን ከ115 አጠገብ ከጻፈው፣ ከባዱ ነገር አልቋል። 2,760 ለ115 ሲካፈል 24 ነው፤ አንዱ እጅ 24 ብር ማለት ነው። መቶው እጅ 2,400፣ አሥራ አምስቱ እጅ 360፤ ሲደመሩ 2,760።

የተሳሳተውንም መልስ ላጲስ ሳይነካው ይፈትሸው። የ2,346 15 በመቶ 351.90 ነው፤ ሲደመር 2,697.90 ይመጣል። 62 ብር ከ10 ሳንቲም ጎደለ። ይህን በገዛ እጁ አስልቶ ያየ ልጅ «ተሳስተሃል» መባል አያስፈልገውም።

በ1.15 ማካፈል የተማረ ልጅ ሌላ ወጥመድ አለበት። ነጥቡን ለማጥፋት 1.15ን 115 ያደርግና 2,760ን ሳይነካው ይተወዋል፤ መልሱ 24 ብር ይሆናል። አካፋዩ በ100 ከተባዛ ተካፋዩም 276,000 መሆን አለበት። በ24 ብር ጫማ ይገዛ እንደሆነ ጠይቁት።

ቅናሽም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ከ20 በመቶ ቅናሽ በኋላ 640 ብር የተሸጠ ቦርሳ 80 እጅ ነው፤ አንዱ እጅ 8 ብር፣ የቀድሞው ዋጋ 800። በ640 ላይ 20 በመቶ የጨመረ ልጅ 768 ያገኛል፤ የሳተው ያንኑ ነገር ነው፣ መቶው እጅ የትኛው እንደሆነ።

ለልምምድ ከሱቅ የመጣ የማሽን ደረሰኝን የሚያህል የለም። ሁሉም ዕቃ ቫት ያለበትን ምረጡ፤ ከቫት ነፃ የሆነ ዕቃ ከተቀላቀለበት ስሌቱ አይገጥምም። ጠቅላላውን ብቻ አሳይታችሁ ሌላውን በጣት ሸፍኑት፤ ልጁ ዋጋውንና ቫቱን አውጥቶ ሲጨርስ ጣታችሁን አንሱ። የአንድ ሁለት ሳንቲም ልዩነት ቢታይ ከማጠጋጋት የመጣ ነው።