እጄ አይጥ አይደለም፦ ከምትነክስ ድመቴ ጋር የተስማማንበት መንገድ

ንቢት ጭኔ ላይ ወጥታ ትጠቀለላለች። ጉሮሮዋ እርርር ይላል። ዓይኗን ከደን አድርጋ በመዳፎቿ ሆዴን ታሻለች። እኔም ጀርባዋን እዳብሳለሁ። ከዚያ ድንገት ዞር ትልና እጄን በሁለት የፊት እግሮቿ ጥርቅም አድርጋ ይዛ ትነክሰኛለች። በኋላ እግሮቿ ደግሞ ክንዴን ትቧጭረዋለች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሳ መጥታ ጉንጯን እዚያው የነከሰችው እጄ ላይ ታሻሻለች።

አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖርን። ክንዴ ላይ ትኩስ ጭረት ያልነበረበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ ብርድ ልብስ ስር የተንቀሳቀሰውን የእግር ጣቴን አድብታ ዘላ ትይዘዋለች። በኮሪደሩ ሳልፍ ከበር ጀርባ ወጥታ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ትጠመጠማለች። የሰማ ሁሉ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይለኛል። ለሰው ስጫት ያሉኝም ነበሩ። እኔ ግን እወዳታለሁ። እሷም እንደምትወደኝ አልጠራጠርም። ታዲያ ለምን ትጎዳኛለች? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

መጀመሪያ የሞከርኳቸው ነገሮች ሁሉ አባባሱት። ጮህኩባት። አፍንጫዋን በጣቴ መታ አደረግኳት። ውሃ ረጨሁባት። ከእኔ መሸሽ ጀመረች፤ መንከሷ ግን አልቀረም። እንዲያውም ከመንከሷ በፊት ታሳየኝ የነበረውን ትንሽ ማስጠንቀቂያ ተወችው። ድመት ቅጣትን ከጥፋቷ ጋር አታያይዘውም። የምታያይዘው ከቀጣት ሰው ጋር ነው። ያንን የውሃ መርጫ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

በመጨረሻ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። ከሁሉ አስቀድሜ ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነበር። ጥርሷን ወይም መገጣጠሚያዋን የሚያማት ድመት ስትነካ ልትነክስ ትችላለች። በተለይ ረጋ ያለች ድመት በድንገት ከተለወጠች መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሕመም ነው። ሐኪሙ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። አፏን ከፍተው አዩ፤ ጀርባዋንና እግሮቿን ጫን ጫን እያደረጉ መረመሩ። ምንም የላትም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ልጄ፣ ይህች እኮ አዳኝ ናት። ቀኑን ሙሉ ቤት ተዘግቶባት ትውላለች። የምታድነው ምን ሰጥተሻታል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሰጠኋት እጄን ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከልጅነቷ ነው። ንቢት ከእናቷ የተለየችው ገና በስድስት ሳምንቷ ነው። ድመቶች የንክሻቸውን ኃይል መመጠን የሚማሩት ከወንድምና እህቶቻቸው ጋር ሲታገሉ ነው። አንዷ አጥብቃ ከነከሰች ሌላዋ ትጮሃለች፤ ጨዋታውም ይቋረጣል። ለዚህ ነው እስከ 12 ሳምንት ገደማ አብረው ቢቆዩ የሚመረጠው። እሷ ይህን ትምህርት ሳትጨርስ መጣች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ጣታችንን ብርድ ልብስ ስር እያንቀሳቀስን ስናጫውታት ከረምን። ያኔ መንጋጋዋ አቅም ስላልነበረው ያስቀን ነበር። እጅ የሚታደን ነገር እንደሆነ ያስተማርናት እኛው ነን።

ከሐኪሙ በተመለስንበት ቀን በእጅና በእግር ማጫወት እንዲቀር ወሰንኩ። ለእኔ ቀላል ነበር፤ ወንድሜን ግን ለማሳመን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። «እኔን እኮ አያመኝም» ይላል። እሱን ባያመውም እሷ የትኛው እጅ እንደሚፈቀድና የትኛው እንደሚከለከል መለየት አትችልም። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሕጉን ከጣሰ የሌላው ልፋት ሁሉ ገደል ይገባል።

ስትነክሰኝ ደግሞ እጄን መንጭቄ ማውጣት አቆምኩ። የሚሸሽ ነገር ለእሷ ታዳኝ ነው፤ በሳብኩት ቁጥር ጥርሷን ይበልጥ ታጠብቃለች። አሁን እጄን በድን አደርገዋለሁ። ካልለቀቀች ወደ እሷ ትንሽ ገፋ አደርገዋለሁ። ታዳኝ ወደ አዳኙ አይመጣምና ግራ ይገባትና ትለቃለች። ከዚያ ድምፅ ሳላሰማ ተነስቼ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ወደ ሌላ ክፍል እሄዳለሁ። ቁጣ የለም። ጨዋታው ብቻ ያበቃል፤ ልክ እህቶቿ ያደርጉት እንደነበረው።

ግን መከልከል ብቻውን የትም አያደርስም። ጉልበቷ የሚወጣበት በር ያስፈልገዋል። ረዘም ያለ ዘንግ ጫፍ ላይ በገመድ ላባ አሰርኩ። መጀመሪያ ላይ ፊቷ ላይ ሳወዛውዘው ዞር ብላም አላየችውም። በኋላ ነው የገባኝ። አይጥ ድመት አፍንጫ ላይ አትጨፍርም። ትሸሻለች፣ ትደበቃለች፣ ቀጥ ትላለች። ላባውን ከእሷ እያራቅኩ ከሶፋው ጥግ ጀርባ ሳስገባውና እዚያ ጸጥ ሳደርገው ንቢት መሬት ላይ ተለጠፈች። ዓይኗ ጠቆረ። ዳሌዋን ወዲያ ወዲህ አወዛወዘች። ከዚያ ተወነጨፈች! ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። የምፈልጋት ድመት እዚያው ነበረች።

ጠዋትና ማታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እናድናለን። ድመቶች በተፈጥሯቸው በጣም የሚነቁት ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ስለሆነ ሰዓቱን ከዚያ ጋር አስማማሁት። በመሀል በመሀል እንድትይዘው እተዋታለሁ። ስንጨርስ ወዲያው ምግቧን አቀርባለሁ። ታድናለች፣ ትይዛለች፣ ትበላለች፣ ራሷን ትልሳለች፣ ትተኛለች። የማታውን ጨዋታ ከመኝታ በፊት ካደረግኩት ወዲህ የ11 ሰዓቱ ጥቃት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠፋ ማለት ይቻላል። የሌዘር መብራት ግን ትቼዋለሁ፤ ምን ብታሳድደው መዳፏ ውስጥ የሚገባ ነገር የለውም። ገመዱንም ከጨዋታ በኋላ ቆልፌ አስቀምጠዋለሁ፤ የተዋጠ ገመድ የድመትን አንጀት ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የመዳበሱ ጉዳይ ነው። «ያለምክንያት ነከሰችኝ» እል ነበር። ያለምክንያት አልነበረም። በመጀመሪያ የጅራቷ ጫፍ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ቀጥሎ ዝንብ ያረፈባት ይመስል የጀርባዋ ቆዳ ይርገበገባል። ጆሮዎቿ ወደ ጎን ይጋደማሉ፤ የዓይኗ ብሌን ይሰፋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጉሮሮዋ እርርር እያለ ነው፤ ስለዚህ የተመቻት ይመስለኝ ነበር። መነካቱ ደስ እያላት ሊበዛባትም ይችላል። አሁን ሦስት ጊዜ ዳብሼ እጄን አነሳለሁ። ራሷን ከገፋችልኝ እቀጥላለሁ። ዝም ካለች እተዋለሁ። ጉንጯን፣ አገጯንና የጆሮዋን ሥር ነው የምነካው። በጀርባዋ ተንጋላ ሆዷን ስታሳየኝም እጄን አልሰድም። ስላመነችኝ ነው እንጂ ዳብሺኝ ማለቷ አይደለም።

ሶፋው ሌላ ታሪክ ነው። መቧጨር ጥፋት አይደለም፤ ያረጀውን የጥፍር ቅርፊት ትጥልበታለች፣ ጀርባዋን ትዘረጋበታለች፣ በመዳፏ ሥር ያሉት ዕጢዎች ጠረኗን ይተዋሉ። መጀመሪያ የገዛሁላት መቧጨሪያ አጭርና የሚወዛወዝ ስለነበር አልነካችውም። በኋላ 90 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወፍራም እንጨት በቃጫ ገመድ ጠቅልዬ ከባድ መሠረት ላይ አቆምኩት። ያቆምኩትም ከምትቧጭረው የሶፋ ክንድ አጠገብ ነው። ሶፋው ላይ በሁለት በኩል የሚጣበቅ ፕላስተር ለጠፍኩ፤ መዳፏ ላይ ሲጣበቅ አትወደውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ቃጫው ዞረች።

ጥፍሯን በየሁለት ሦስት ሳምንቱ እቆርጣለሁ። ከፊት አምስት አምስት፣ ከኋላ አራት አራት፣ በድምሩ 18 ናቸው። ብርሃን የሚያሳልፈውን ሹል ጫፍ ብቻ ነው የምነካው፤ ሮዝ የሚመስለው ክፍል ደምና ነርቭ አለው። እንቅልፍ ሲጫጫናት አንድ እግር፣ በማግስቱ ሌላ። ጥፍሯን በቀዶ ሕክምና አስነቅዪ ያለኝ ሰው ነበር። ያ የጣቷን የመጨረሻ አጥንት መቁረጥ ነው። አላደርገውም።

ሁሉም አልጋ በአልጋ አልሆነም። ከአምስት ወር በኋላ መስኮቱ ላይ ሌላ ድመት አይታ ፀጉሯ ቆመ። ላባብላት ስጠጋ እጄን ክፉኛ ነከሰችኝ። ንዴቷ ለውጭዋ ድመት ነበር፤ ያገኘችው ግን እኔን ነው። በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት። በማግስቱ አበጠ፤ ሐኪም ጋ ሄጄ መድኃኒት ታዘዘልኝ። የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ጀርሙን ወደ ውስጥ ጠልቆ ያስገባዋል፤ ቀዳዳዋ ትንሽ ናት ተብሎ አይናቅም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷም የተሟላ መሆን አለበት። ከዚያ ወዲህ የመስኮቱን የታችኛውን ግማሽ ሸፍኛለሁ። በዚያ ሁኔታ ሳያት መብራት አጥፍቼ ብቻዋን እተዋታለሁ እንጂ አልነካትም።

ባለፈው አንዲት እንግዳ መጣችብን። ንቢት እንደ ልማዷ እንግዳዋ ጭን ላይ ወጣች። ልጅቷም ዝም ብላ ጀርባዋን ትዳብሳለች። ወንድሜ ከክፍሉ ማዶ ስልኩን አስቀምጦ ቀና አለና፣ «ጅራቷን እያየሽ» አላት።