ሙዚቃው ከፊቷ እንዳይቀድም

ከ10 ደቂቃ ብዙም የማይዘል የፍቅር ፊልም ነው የሠራሁት። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ክፍል፣ ለመለያየት የተስማሙበት ምሽት። ኤዲቱ ላይ ከሁሉ በላይ ያከራከረን ሙዚቃው የት ቦታ ይግባ የሚለው ነበር።

አቀናባሪው ባመጣው ረቂቅ ፒያኖው የሚጀምረው ሴቲቱ ቀና ብላ ሰውየውን ከማየቷ በፊት ነው። ዜማው ሸጋ ነው፤ ነገር ግን ተመልካቹ ፊቷን ሳያይ እዘን ተብሎ ይታዘዛል። ወደ ኋላ ገፋነው። ቀና ትላለች፣ ልትናገር አፏን ትከፍታለች፣ ትተወዋለች፤ ፒያኖው ያኔ ይገባል። ረጅም ፊልም ቢሆን የተጣደፈ ሙዚቃ ኋላ ይካሳል፤ እዚህ ግን መካሻ ጊዜ የለም።

ለአቀናባሪው የላክሁት ቅጂ ጊዜያዊ ሙዚቃ አልተለጠፈበትም። ኤዲተሮች ለመሥሪያ ያህል የሌላ ሰው ሙዚቃ ያስገባሉ፤ ደጋግመው ሲሰሙት ጆሮ ይለምደውና አዲሱ ሁሉ ይጎረብጣል። አቀናባሪውም ባዶውን ቅጂ አይቶ «ፍቅሩን ቀድሞ የተወው ማነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሰውየው ነው አልኩት። ፒያኖው የሷ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

የምወደው ቦታ ሬዲዮው ነው። ዘፈኑ መጀመሪያ ከጠረጴዛው ላይ ሬዲዮ ይወጣል፤ ሁለቱም ይሰሙታል፣ ሁለቱም እንዳልሰማ ይሆናሉ። ያንን የሬዲዮ ድምፅ ለማግኘት ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅና ከ3,400 ሄርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ቆረጥን (የድሮ ስልክ የሚያስተላልፈው በዚህ መሃል ያለውን ነው)፤ የክፍሉን ማስተጋባት ጨመርንበትና ወደ አንድ ጎን ወሰድነው። ሰውየው በሩን ዘግቶ ሲወጣ የቆረጥነውን ቀስ እያልን መለስን። ወፍራሙ ድምፅ፣ ባሱ፣ መጣ፣ ዘፈኑ ከሬዲዮው ወጥቶ አዳራሹን ሞላ። ተዋናይዋ ንቅንቅ ሳትል ዘፈኑ ከክፍሉ ወደ ውስጧ ገባ።

ቼሎው (ድምፀ ወፍራሙ ባለ አውታር መሣሪያ) አስቸግሮናል። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ የሱ ድምፅና ቼሎው በውፍረት አንድ ሰፈር ናቸው፤ ይተፋፈናሉ። የሱን ድምፅ ከፍ ብናደርገው ደግሞ ለሷ ብቻ ያለው ነገር ለአዳራሽ የተነገረ ይመስላል። ስለዚህ ቼሎው ንግግሩ እስኪያልቅ እንዲጠብቅ ሆነ። በዚያ ክፍተት የሚሰማው ቀረጻው ቦታ ላይ ሁሉንም ዝም አሰኝተን የቀዳነው የክፍሉ የራሱ ድምፅ ነው። እሱ ባይኖር ሙዚቃው ሲቆም ተመልካቹ ስፒከሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

የሙዚቃውን ፍጥነት በደቂቃ 72 ቢት (ምት) አደረግነው። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲቀረጽ አንድ ቢት ልክ 20 ፍሬም ይሆናልና ለኤዲተሩ ሂሳቡ ይቀላል። ሾት የምንቀይረው ግን ሆን ብለን ከቢቱ ጥቂት ፍሬም ፈንጠር አድርገን ነው። ቢቱ ላይ እየጠበቁ ከቀየሩ የሙዚቃ ክሊፕ ይሆናል፤ እንባዋም ለምቱ የወረደ ይመስላል።

ለሬዲዮው የታወቀ ዘፈን እንውሰድ ያሉኝ ነበሩ። አልተስማማሁም። የታወቀ ዘፈን ተመልካቹን ወደ ራሱ የድሮ ፍቅር ይዞት ይሄዳል፣ የኔን ሰዎች ጥሎ። ፈቃዱም ሁለት ነው፦ አንዱ ለግጥምና ዜማው፣ ሌላው ለተቀዳው ድምፅ፤ ባለቤቶቹም ብዙ ጊዜ ለየቅል ናቸው። ለፌስቲቫል ብቻ የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ለመጫን አያገለግልም። የሬዲዮውን ዘፈን ያው አቀናባሪያችን ጻፈው፤ ውላችን ላይም ፌስቲቫሉንና ኢንተርኔቱን ለየብቻ በስማቸው አስገባናቸው።